የኋላ ጎማዬ ሽቦ እየበጠሰ አስቸገረኝ፤ ርካሹን ልግዛ ወይስ ልጨምርበት? (ባሕር ዳር)

ፓምፕ ጠጋኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሥራዬ የመስኖ ሞተር ፓምፕ ጥገና ነው። በጋውን ሙሉ የጣናን ዳር ይዤ በወራሚት በኩል ወደ ወረብ፣ አንዳንዴም እስከ ዘጌ እሄዳለሁ። ሽንኩርት የሚያጠጣ ገበሬ ፓምፑ ከቆመበት «ነገ ና» አይልም፤ ዛሬውኑ ነው የሚፈልገኝ። ሳይክሌ ቆመ ማለት እንጀራዬ ቆመ ማለት ነው።

ሳይክሌ 26 ቁጥር ማውንቴን ነው። ፍሬኑ ዲስክ አይደለም፤ ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ የሚይዘው ዓይነት ነው። ከኋላ 7 ማርሽ አለው። የመፍቻ ሣጥኔን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ አስራለሁ።

ያስቸገረኝ የኋላው ጎማ ነው። ጎማ ስል ላስቲኩን አይደለም፤ ቸርኬውን (ላስቲኩ የሚቀመጥበትን ክብ) ከነሽቦውና ከነሞዞው (ሽቦዎቹ የሚታሰሩበት መሐሉ) ማለቴ ነው። ሽቦ ይበጠሳል። አሠራዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ሌላው ይበጠሳል። ቸርኬው ይወላገድና ፍሬኑ ላይ እየታሸ ጉልበቴን ይጨርሰዋል።

አሁን ሙሉ ጎማ ልቀይር ነው። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አየሁ። አንደኛው ርካሽ ነው፤ ባለ 36 ሽቦ፣ ሽቦው ደብዘዝ ያለ፣ ቸርኬውም ሳሳ ያለ ነው። ሁለተኛው ባለ 32 ሽቦ ነው። ሽቦው ያብረቀርቃል፤ ሻጩ «ቸርኬው ደብል ነው፣ ኩሽኔታውም ድፍን ነው» አለኝ። ዋጋው ግን የመጀመሪያውን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ልዩነቱ ያዋጣል ወይ? የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ።

ካቴና፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ንገረን። የሚበጠሰው በማርሹ በኩል ነው ወይስ በግራ? ደግሞ ቸርኬው ጋ ነው የሚቆረጠው ወይስ ሞዞው ጋ? መልሱ እንደሱ ይለያያል።

ፓምፕ ጠጋኝ፦
ሁሌም በማርሹ በኩል ነው። ሽቦው ሞዞው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ የሚታጠፍባት ቦታ ላይ ቁርጥ ይላል። የመጨረሻውን አውጥቼ በደንብ አይቼዋለሁ። የተቆረጠበት ፊት ግማሹ ጠቁሯል፤ ግማሹ ግን አዲስ ብረት ነው፣ ያበራል።

ባለ ኪያቤ፦
ጎበዝ፣ ማየት የሚገባህን ነው ያየኸው። የጠቆረው ክፍል ቀድሞ የተሰነጠቀው ነው። ስንጥቁ ቀስ በቀስ እየገባ ሄዶ፣ የቀረው ብረት አልችል ሲል ተበጠሰ። አንድ ጉድጓድ ያመጣው ነገር አይደለም፤ ብረቱ ደክሞ ነው።

እኔ ግሽ ዓባይ አካባቢ ሳይክል እጠግናለሁ። ሽቦ የተበጠሰበት ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚለኝ «አጥብቀኸው ነው» ነው። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ግልባጩ ነው፤ ላልቶ ነው የተበጠሰው። ለምን መሰለህ? ሳይክሉ ላይ ስትቀመጥ ከታች መሬት ጋ ያሉት ሽቦዎች ውጥረታቸው ይቀንሳል። ጎማው ዞሮ ከመሬት ሲነሱ መልሰው ይወጠራሉ። ሽቦው ሲሠራ በደንብ የተወጠረ ከሆነ ታች ሲደርስም ውጥረት ይተርፈዋል፤ አንገቱ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ላላ ከሆነ ግን ጨርሶ ይለቅና አንገቱ ቀዳዳው ውስጥ ይላወሳል። በዞረ ቁጥር እንደዚያ ነው።

ለምን በማርሹ በኩል እንደሆነም ልንገርህ። ማርሹ ቦታ ስለሚይዝ በዚያ በኩል ያሉት ሽቦዎች ቀጥ ብለው ነው የሚቆሙት፤ ጭነቱም ይበዛባቸዋል። ሳይክሉ ላይ ካለው ክብደት ከግማሽ በላዩ የሚያርፈው ኋላ ነው። ሣጥንህም እዚያው ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ የምነግርህ፣ አንድ በተበጠሰ ቁጥር አንድ መተካቱን አቁም። የመጀመሪያው ሲበጠስ አንድ መተካት ልክ ነው። ተከታትሎ ከመጣ ግን የቀሩትም ያንኑ መንገድ ሄደዋል፣ እነሱም ደክመዋል። በየጊዜው የምትከፍለው የእጅ ዋጋ ሲደመር ሙሉ ሽቦ ይገዛልሃል።

ከሁለቱ የትኛው ለሚለው፣ በማሽን ተሠርቶ በካርቶን የሚመጣ ርካሽ ጎማ ብዙ ጊዜ ሽቦው ላላ ነው። ቀጥ ብሎ ይዞራል፣ ያምራል፤ ውጥረት ግን የለውም። ውዱም ቢሆን ላላ እንዳለ ከተገጠመ ሽቦ መበጠሱ አይቀርም። ስለዚህ የትኛውንም ብትገዛ ከመግጠምህ በፊት ሽቦውን በሚያውቅ እጅ አስወጥረው። ዋናው ነገር እሱ ነው።

ፖሊ ሰፈር፦
ባለ ኪያቤ ባለው ላይ አንድ ስሌት ልጨምር። ሜካኒካል ነው የምማረው። 26 በ1.95 ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር 2 ሜትር ከ5 ሳንቲ ገደማ ይሄዳል። በኪሎ ሜትር ወደ 490 ዙር ማለት ነው። 20 ኪሎ ሜትር ከሄድክ እያንዳንዱ ሽቦ ወደ 10 ሺህ ጊዜ ገደማ ላልቶ ተወጥሯል። በአንድ ቀን! ላላ ያለ ሽቦ ለምን ዕድሜው እንደሚያጥር ከዚህ ይታያል።

ቸርኬውን በተመለከተ ግን ደብሉ በዋጋው ያዋጣል ባይ ነኝ። ነጠላው ቸርኬ አንድ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። ሽቦው የሚስበው ያንኑ ሳሳ ያለ ብረት ነው። ደብሉ በውስጡ ሁለተኛ ግድግዳ አለው፤ መሐሉ ክፍት ሣጥን ነው። ስለዚህ በቀላሉ አይታጠፍም። አንድ ቦታ ላይ የመጣ ጫና ለብዙ ሽቦዎች ይከፋፈላል። 32 ሆኖ ደብል ከሆነ ከ36 ነጠላ ይበልጣል።

ባለ ኪያቤ፦
ፖሊ፣ እዚህ ላይ እስማማለሁ። እንዲያውም ሌላ ምክንያት አለ። ነጠላውን ቸርኬ እንደልብህ ልወጥረው ብትል አይችልም። ቀዳዳው ዙሪያ ወደ ውስጥ ይጎብጣል፣ ቆይቶም ይሰነጠቃል። ደብሉ ነው ውጥረት የሚሸከመው። ግን ለዕቃ ጫኝ ሰው 36 ሆኖ ደብል ካገኘ ከሁሉም እሱ ይሻላል። አለ፣ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል።

ፓምፕ ጠጋኝ፦
ሻጩ ደብል ነው ስላለኝ ብቻ አምኜ ልግዛ? በምን ልለየው? ሽቦውስ ማብረቅረቁ ምልክት ይሆናል?

ፖሊ ሰፈር፦
ደብል መሆኑን ለማየት ከለመዳሪውን (ነፋስ የሚይዘውን የውስጥ ላስቲክ) ከሽቦው ራስ የሚከልለውን የላስቲክ ቀበቶ ትንሽ ገለጥ አድርግ። ነጠላ ከሆነ የሽቦዎቹ ራስ እዚያው ፊት ለፊትህ ይታያል። ደብል ከሆነ ሰፊ ቀዳዳ ታያለህ፤ የሽቦው ራስ ከሥሩ ጠልቆ ሁለተኛው ግድግዳ ላይ ነው የሚቀመጠው። ሻጩ መግለጥ ካልፈቀደ አትግዛ።

ለሽቦው ማግኔት ያዝ። ጽዱው ብረት፣ ማለትም የማይዝገው፣ ማግኔቱን ወይ አይስበውም ወይ በጣም በትንሹ ነው የሚስበው። ዚንክ የተቀባው ግን ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል። ማብረቅረቅ ብቻውን አያስተማምንም፤ አዲስ ዚንክም ያብረቀርቃል።

መምህርት፦
ስለ ሽቦ ብዙ ተባለ። እኔ ስለ ቸርኬው ጎን ላንሣ፣ ማንም አላነሣውምና።

ከከተማ ወደ ዘንዘልማ ነው የምመላለሰው። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ የብስክሌት መስመር ስላለው መንገዱ ለእኔ ተመችቶኛል። ክረምት ላይ ግን ከአስፋልቱ ስወርድ ጭቃ ነው። ፍሬኔ እንዳንተው ቸርኬ የሚይዝ ነው። ጭቃው ውስጥ ያለው አሸዋ የፍሬኑ ላስቲክ ላይ ይሰካና ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ቸርኬውን ይሞርደዋል። የኋላው ቸርኬዬ ጎን እንደዚህ እየሳሳ ሄዶ አንድ ቀን ጎሚስታ ጋ ሲነፋ ተሰንጥቆ ተከፈተ። ደግነቱ ማንም አልተጎዳም። ጎሚስታው በጣም ነው የደነገጠው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ጣትህን ቸርኬው ጎን ላይ፣ ፍሬኑ በሚይዝበት ቦታ አሳልፍ። ጠፍጣፋ ከሆነ ደህና ነው። ወደ ውስጥ ጎድጎድ ካለ አልቋል፤ ሽቦ ቢቀየርለትም ዋጋ የለውም። አንዳንድ ቸርኬ ላይ ዙሪያውን የምትሄድ ቀጭን መስመር ወይም ትንሽ ጎድጓዳ ነጥብ አለች። እሷ ከጠፋች መቀየር አለበት። አዲሱን ስትገጥም ደግሞ የፍሬኑን ላስቲክም ቀይረው። ከጭቃ መልስ ላስቲኩን አይተህ የተሰካውን ጠጠርና የብረት ብናኝ በጫፍ ነገር ንቀለው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ፓምፕ ጠጋኝ፦
እህቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁኑኑ ወጥቼ ነካሁት። በእርግጥም ጎድጎድ ብሏል። ቸርኬው አብቅቶለታል ማለት ነው።

የድሮ ጋላቢ፦
ልጄ፣ ከውጭ የመጣ ያገለገለ ጎማስ ለምን አታይም? በወጣትነቴ እወዳደር ነበር። ሳይክል የምንሠራው ካገለገለ ዕቃ ነበር፣ ደህና ሞዞ ደግሞ ዕድሜው ረጅም ነው። ፐርኖውን (በሞዞው መሐል የሚያልፈውን ዘንግ) በጣትህ ቀስ አድርገህ አዙረው። እየቆረቆረ የሚዞር ከሆነ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ተበልቷል፤ ተወው። ሽቦዎቹ አንገት ላይ ዝገት ካለም ተወው። ለስለስ ብሎ የሚዞር ከሆነ ግን በርካሹ አዲስ ዋጋ የተሻለ ነገር ታገኛለህ።

ካቴና፦
ጋሼ፣ ያሉት ልክ ነው፤ ግን ለዚህ ልጅ አንድ እንቅፋት አለበት። የሱ 7 ማርሽ ሞዞው ላይ በጥርስ እየዞረ የሚታሰር ይመስለኛል። ያገለገሉት ጥሩ ጎማዎች ብዙዎቹ ማርሹ የሚንሸራተትባቸው ካሴት ዓይነት ናቸው። ማርሹንም ሊገዛ ነው። ሞዞው ለ8 ወይም ለ9 ማርሽ የተሠራ ከሆነ ደግሞ 7ቱን ሲያስገባ 4.5 ሚሊ ሜትር ቀለበት ከሥር ይፈልጋል። የኋላ ሹካው ስፋትም አለ፤ እንደዚህ ዓይነት ፍሬን ያለው ማውንቴን ብዙውን ጊዜ 135 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአስፋልት ሳይክል 130 ነው።

የድሮ ጋላቢ፦
እውነትክን ነው ልጄ። በኛ ጊዜ ካሴት የሚባል ስላልነበረ ነው። ማርሽ አብሮ ካልተገኘ ይቅርበት።

ካቴና፦
ሌላም ነገር። «26» የሚል ሁሉ አንድ አይደለም። የማውንቴኑ 26፣ ማለትም 26 በ1.95 እና የመሳሰሉት፣ ላስቲኩ ላይ 559 የሚል ቁጥር አለው። 26 በ1 ከ3/8 የሚለው የከተማ ሳይክል ግን 590 ነው። አንዱ ካንዱ አይገባም፤ ፍሬኑም ቦታውን ይስታል። ከመክፈልህ በፊት አሁን ካለህ ላስቲክ ላይ 559 የሚለውን አረጋግጥ።

ፓምፕ ጠጋኝ፦
559 ነው፣ አይቻለሁ። ኩሽኔታውስ? ድፍኑ (ኳሱ ውስጡ ተሸፍኖ የሚመጣው) ለውሃና ለጭቃ ይሻላል ብለውኛል። እኔ ፓምፕ ላይ የማውቀው ድፍን ኩሽኔታ እስኪያልቅ ድረስ እንደማያስቸግር ነው።

ባለ ኪያቤ፦
እኔ ለገጠር መንገድ ተራውን ኳስ ያለውን ነው የምመርጥ። ኋላው በየጎኑ 9 ኳስ ነው የሚይዘው፣ 1/4 ኢንች። የትም ይገኛል። ክረምት ሲወጣ ትፈታዋለህ፣ በነዳጅ ታጥበዋለህ፣ ኳሱን ትቀይራለህ፣ ግራሶ ሞልተህ ትገጥመዋለህ። ርካሽ ሞዞ ከፋብሪካ ሲመጣ ግራሶው ትንሽ ነው፣ ዳዶውም ከልክ በላይ ጠብቆ ነው የሚመጣው። ሳይፈተሽ ከተነዳ ራሱን ይበላል። ተፈትሾ ከገባ ግን ለዓመታት ይሠራል።

ፖሊ ሰፈር፦
እዚህ ላይ አልስማማም፣ በተለይ ለሱ። እሱ ፓምፕ ነው የሚጠግነው። ድፍኑ ኩሽኔታ ጎኑ ላይ ቁጥር አለው፤ 6000፣ 6001 የሚል ከሆነ ሞተር ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ ያለው ኩሽኔታ ነው። አወጣጡንም አገባቡንም ያውቃል። ለሌላ ሰው ባለ ኪያቤ ትክክል ነው። ለፓምፕ ጠጋኝ ግን ድፍኑ የሚያስፈራ ነገር የለውም።

ባለ ኪያቤ፦
ይሁን፣ ለሱ እውነት ነው። ከኩሽኔታው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ፐርኖው ነው። ማርሹ በጥርስ የሚታሰርበት ሞዞ ላይ የቀኙ ኩሽኔታ ወደ ውስጥ ገብቶ ነው የሚቀመጠው። ከኩሽኔታው እስከ ሹካው ያለው ፐርኖ ደጋፊ የለውም። ጭነት ሲበዛበት ይጎብጣል። ጎማህን ስታወጣ ፐርኖውን በጣትህ አዙረውና ጫፉን እይ። ጫፉ ክብ እየሠራ የሚዞር ከሆነ ጎብጧል፣ ቀይረው። ቀጥ ብሎ ከዞረና ሞዞህ ደህና ከሆነ ግን ሦስተኛ ምርጫ አለህ። ሙሉ ጎማ አትግዛ። ሞዞህን አስቀርና 36 ቀዳዳ ያለው ደብል ቸርኬ ብቻ ከጽዱ ሽቦ ጋር ገዝተህ አሠራው። ቀዳዳውን ቁጠር፤ የሞዞውና የቸርኬው መመሳሰል አለበት። ሽቦውን ግን ቸርኬው ሳይገኝ እንዳትገዛ። ደብል ቸርኬ ጥልቀቱ ስለሚለይ የድሮው ሽቦ ርዝመት አይሆነውም።

ፓምፕ ጠጋኝ፦
ወገኖቼ፣ ያላችሁትን ሁሉ ይዤ ዛሬ ገበያ ዋልኩ። ማግኔት ከወርክሾፕ ይዤ ነው የሄድኩት። የርካሹ ሽቦ ጥብቅ አድርጎ ያዘው። የውዱ አልያዘውም፤ ቀበቶውም ሲገለጥ እውነትም ደብል ነው። ሻጩ አልዋሸኝም። ሽቦዎቹን ግን ጥንድ ጥንድ አድርጌ ስጨምቃቸው አንዳንዱ እጄ ውስጥ ይለመጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ ድርቅ ያለ ነው። ባለ ኪያቤ እንዳለው ነው።

የኔን ሞዞ ፈታሁት። 36 ቀዳዳ ነው። ፐርኖው ቀጥ ብሎ ይዞራል፤ ኳሱ ብቻ ነው የተበላው። ሌላ ሱቅ ባለ 36 ደብል ቸርኬ ለብቻው አገኘሁ። ቸርኬው፣ ጽዱው ሽቦና የእጅ ዋጋው ተደምሮ ከውዱ ጎማ ያንሳል፤ ከርካሹ ይበልጣል። በዚሁ ልሄድ ወሰንኩ። ባለ ኪያቤ፣ ነገ ይዤልህ ብመጣ ትሠራልኛለህ?

ባለ ኪያቤ፦
ና፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አለሁ። ሳይክሉንም አምጣው፤ ቸርኬው መሐል መግባቱን ሹካው ላይ ነው የማየው።

ሌላ ሰፈር ሆኖ የሚያነብ ሰው ካለ፣ እንዴት እንደምፈትሽ ልጻፈው። መወጠሪያ መለኪያ የለኝም፤ በድምፅ ነው የምለየው። በአንድ ወገን ያሉትን ሽቦዎች እንደ ክራር ጅማት በጣት መታ መታ አድርጋቸው። በማርሹ በኩል ያሉት ሁሉ ተቀራራቢ ድምፅ ማውጣት አለባቸው፤ በግራ ያሉትም እርስ በርሳቸው። ግራው ከቀኙ ወፈር ያለ ድምፅ ቢያወጣ አትደንግጥ፣ ኋላ ላይ እንደዚያ ነው። ከመሐላቸው ደንቆሮ ድምፅ ያለው ከተገኘ ላላ ያለው እሱ ነው። ስታጠብቅ ሩብ ሩብ ዙር ብቻ። ከላስቲኩ በኩል ሆነህ ስታየው የሽቦው ዳዶ በሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ይጠብቃል። ከሞዞው በኩል ካየኸው ግልባጭ ነው፤ ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ነው የሚስተው። ቸርኬው ወደ ግራ ከሄደ የቀኙን አጥብቅ። ማቃኛ ማሽን ከሌለህ ሳይክሉን ገልብጠህ የፍሬኑን ላስቲክ እንደ መለኪያ ተጠቀምበት።

ቀጥ ካለ በኋላ ጥንድ ጥንዱን ሽቦ በእጅህ ኃይል ሰጥተህ ጭመቃቸው፣ ዙሪያውን። ቀጭ ቀጭ ይላል። ሽቦው ቦታ ቦታውን እየያዘ ነው። ከዚያ መልሰህ አቅናው። ካርቶን ውስጥ የመጣው ርካሽ ጎማ ያላገኘው ይህንን ነው።

መምህርት፦
ነፋሱንም አትርሳ። ላስቲኩ ጎን ላይ የተጻፈውን አንብብ፤ ብዙዎቹ ከ40 እስከ 65 ፒ.ኤስ.አይ. ይላሉ። ዕቃ ጭነህ ስትሄድ ኋላውን ወደ ላይኛው አስጠጋው። ከወረደ ኮብልስቶን ጠርዝ ላይ ቸርኬው መሬት ይመታል፣ ከለመዳሪውም ሁለት ቦታ ይነከሳል። ሣጥንህም ከቻልክ ግማሹን ወደ ፊት ቅርጫት አዙረው።

ፓምፕ ጠጋኝ፦
ተሠርቶ አለቀ። ባለ ኪያቤ ሲጨምቀው ያ ድምፅ ሲወጣ እኔም ሰምቻለሁ። ወረብ ደርሼ መጣሁ፤ ሽቦዎቹን መታ መታ አደረግኋቸው፣ በማርሹ በኩል አንዲት ብቻ ድምፅዋ ወረድ ብሏል። የፍሬኑን ላስቲክም ቀይሬአለሁ፤ ከባዱን መፍቻም ወደ ፊት አዛውሬአለሁ።

ባለ ኪያቤ፦
በሳምንቱ ብቅ በል፣ እንደገና እንይልህ፤ ያቺን እናጠብቃታለን። አዲስ ጎማ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይለቃል። ለዚያ አላስከፍልህም፣ በነጻ ነው።

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው ያነበብኩት። የኔ 29 ቁጥር ነው፣ ዲስክ ፍሬን። ያላችሁት ሁሉ ለሱም ይሠራል?

ፖሊ ሰፈር፦
የሽቦውና የውጥረቱ ነገር ሁሉ ይሠራል። 29 ላይ ሽቦው ይረዝማል። የቸርኬው ጎን ግን በፍሬን አይበላም፣ ዲስክ ስለሆነ። ላስቲክ ስትገዛ የምትፈልገው ቁጥር 622 ነው። ዲስኩ በ6 ቡሎን የሚታሰር ከሆነ ጎማ ስትቀይር አዲሱ ሞዞም የ6 ቡሎን ይሁን።